ባለ ሁለት ሰው ብስክሌት (ታንደም) ከደሴ ወደ ቪየና በአውሮፕላን እንዴት ይጓጓዛል?

መምህርት ከቦሩ ሜዳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ታናሽ ወንድሜ የዓይን ብርሃኑን ያጣው በልጅነቱ ሲሆን፣ ከቦሩ ሜዳ እስከ ሐይቅ ባለው መንገድ በታንደም አብረን መንዳት ከጀመርን ወዲህ ብስክሌቱ ለእርሱ ከመጓጓዣነት ያለፈ ነገር ሆኖለታል። እኔ ከፊት ሆኜ መሪውን፣ ማርሹንና ፍሬኑን እይዛለሁ፤ እርሱ ከኋላ ተቀምጦ እኩል ይረግጣል፤ ዳገት ላይ ደግሞ የሚያወጣን የእርሱ ጉልበት ነው። በመጪው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ አውሮፓ ተጉዘን፣ ከጀርመኗ ፓሳው ተነስተን የዳኑብን ወንዝ በመከተል እስከ ቪየና ለመንዳት አቅደናል። ቪየና የሚቀበለን ዘመድ አለን፤ የቪዛው ጉዳይም ተጀምሯል። ያልተፈታው ጥያቄ ብስክሌቱ ነው።

ታንደማችን ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ45 ሲሆን ክብደቱ 20 ኪሎ ይደርሳል፤ ጎማው ባለ 28 ኢንች፣ ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ነው። ቴላዮው ለመንገደኛ ተብለው እንደሚሠሩት መሐሉ ላይ የሚገጣጠም አይደለም፣ አንድ ወጥ ነው። እንዳለ ይጫናል ወይስ መፈታት አለበት? ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ብንነሳ ይሻላል ወይስ እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ብንወስደው? ስንመለስስ እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ እንዳንጠየቅ ምን እናድርግ? እዚያው ተከራዩ የሚሉን ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን የወንድሜ መቀመጫና የእጅ መያዣ በቁመቱ ልክ የተስተካከለ ስለሆነ፣ በለመደው ብስክሌት ላይ ቢሆን እመርጣለሁ።

ብስክሌት ጠጋኝ፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ ትኬት ሳይቆረጥ መጠየቅዎ መልካም ነው፤ በኋላ የሚመጣው ችግር ሁሉ ከዚህ ላይ ይቀንሳል። 2 ሜትር ከ45 የሆነ ዕቃ እንደ መንገደኛ ሻንጣ ይቀበሉኛል ብሎ መነሳት አይገባም። ሁለቱ ጎማዎችና የፊቱ ሹካ ሲወጡ ግን ቴላዮው ብቻውን ከኋላ ጎማ መያዣው እስከ መሪው አንገት ድረስ 1 ሜትር ከ65 እስከ 1 ሜትር ከ75 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ጨዋታው የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ እንዳለ ሳይሆን ተፈትቶ፣ በአንድ ሳይሆን በሁለት ካርቶን ይሂድ።

አፈታቱን በዝርዝር ልንገርዎ። የዘይት ፍሬን ቱቦ ከተከፈተ አየር ይገባዋል፣ አየሩን ማስወጣት ደግሞ መንገድ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ ቱቦውን ፈጽሞ አይንኩት። ይልቁንም የፊቱን ፍሬን ሸራዎቹን ከያዘው አካል ጋር ከሹካው ላይ ፈትተው፣ የፊቱን መሪ ከእነ ቱቦዎቹና ከእነ ማርሽ ሽቦዎቹ ከቴላዮው ጎን ያስሩት። ያኔ ሹካው ብቻውን ይወጣል። ሹካው ሲወጣ የአንገቱ ኩሽኔታዎችና ቀለበቶች የገቡበትን ቅደም ተከተል በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ጎማዎቹ ከወጡ በኋላ በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መካከል ወፍራም የካርቶን ቁራጭ ያስገቡ፤ በጉዞ ላይ አንድ ሰው እጀታውን ቢጫነው ሸራዎቹ ተጣብቀው ይቀራሉና። ዲስኮቹን ከጎማው ፈትተው ለብቻቸው በጠፍጣፋ ነገር መካከል ያስቀምጧቸው፣ በቀላሉ ይጣመማሉ።

በግራ በኩል ያለውን፣ ሁለቱን ፔዳሎች አንድ ላይ የሚያዞረውን ካቴና ከተቻለ አይፍቱት። መፍታት ግድ ከሆነ የፊትና የኋላ ጥርሶቹ የተያያዙበትን ቦታ አስቀድመው በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ አንድ ጥርስ ቢዛነፍ የሁለታችሁ እግር እኩል አይሄድም፣ ይህን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ወንድምዎ ነው። ፔዳሎቹን ሲፈቱ በግራ በኩል ያሉት ጥርሳቸው የተገላቢጦሽ መሆኑን አይርሱ።

አሁን ስለ መሰባበር። ዕቃ የሚሰብረው ብዙ ጊዜ መውደቅ ሳይሆን መጨፍለቅ ነው፣ ሌላ ሻንጣ ላዩ ላይ ይከመራልና። ጎማ የወጣለት የኋላ መያዣ ባዶውን ከተተወ ይጨፈለቃል። የታንደም የኋላ ሞዞ ከተራ ብስክሌት ይሰፋል፣ በብዙዎቹ 145 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚያው ልክ የተቆረጠ ጠንካራ የፕላስቲክ ቧንቧ በመካከሉ አስገብተው በረጅም ብሎን ያጥብቁት። ለሹካውም በልኩ እንዲሁ። ማርሽ መቀየሪያውን ፈትተው በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቴላዮው ውስጥ ይመልሱት። ካርቶኑን ከማቀዝቀዣ ሻጮች ይጠይቁ፣ ያ ወፍራሙ ነው፤ ካልተገኘም ሁለት ተራ የብስክሌት ካርቶኖችን አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብተው እስከሚፈልጉት ርዝመት ማስረዘም ይችላሉ። ክፍት ቦታውን በስፖንጅ ይሙሉት። እንጨት ሳጥን አያሠሩ፤ ክብደቱን ብቻውን ይበላዋል።

ጭነት ላይ የሠራ

ከላይ የተሰጠውን ምክር ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ እኔ በአውሮፕላኑ በኩል ያለውን ልጨምር።

የብዙ አየር መንገዶች መደበኛ ሻንጣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ሲደመር 158 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 23 ኪሎ ነው። የጎማዎቹ ካርቶን ከዚህ ልክ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የውጭና የውስጥ ጎማዎቹን ከቸርኬው ላይ ካወጧቸው ባለ 28 ኢንች ቸርኬ 63 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ብቻ ይሆናል፤ 65 በ65 በ27 የሆነ ካርቶን ድምሩ 157 ነው። የቴላዮው ካርቶን ግን 175 በ80 በ28 ቢሆን ድምሩ 283 ስለሚመጣ፣ ክብደቱ ከ23 ኪሎ ባያልፍም ከልክ በላይ ዕቃ ተብሎ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል። ክፍያው ሳይሆን ፈቃዱ ነው ዋናው ነገር፤ አንዳንድ አየር መንገዶች የሚቀበሉት ትልቁ ልክ ስላለ ከዚያ ያለፈውን ወደ ካርጎ ይመልሱታል።

ልኩ ለምን እንደሚያስጨንቃቸው ማወቁ ደብዳቤ ለመጻፍ ይረዳችኋል። እንደ ቦይንግ 777፣ 787 እና ኤርባስ 350 ባሉ ሰፋፊ አውሮፕላኖች የመንገደኛ ሻንጣ የሚጫነው በብረት ሣጥኖች ውስጥ ነው፤ የተለመደው ሣጥን ወለሉ በውጭ ልክ 156 በ153 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የእናንተ ካርቶን በጎኑ ተዘርግቶ አይገባበትም። ስለዚህ ከኋላ ባለው፣ ዕቃ በእጅ ተነጥሎ በሚጫንበት ክፍል መሄድ አለበት፤ ያ ክፍል ደግሞ ጠባብ በመሆኑ አስቀድሞ ቦታ ሊያዝለት ይገባል። እናንተ የሻንጣ መቀበያው ፊት ቆማችሁ የምታስረዱት ነገር አይደለም።

ኮምቦልቻን በተመለከተ፣ የአገር ውስጥ በረራው የሚደረገው በዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ነው፤ የዕቃ ክፍሉ ከትልልቆቹ እጅግ ያንሳል፣ በዚያን ቀን የሚጫነውም እንደ መንገደኛው ብዛት ይለያያል። ካርቶናችሁ «በሚቀጥለው በረራ ይደርሳል» ተብሎ ቢቀር የቪየናው በረራችሁ አይጠብቃችሁም። በእኔ አስተያየት ብስክሌቱ ሳይፈታ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአይሱዙ ወይም በአውቶቡስ ጣሪያ አዲስ አበባ ይድረስ፤ በጣርማበርም ሆነ በሸዋ ሮቢት መንገድ ላይ ካርቶን በዝናብ ቢርስ ዋጋ የለውም። ማሸጉ አዲስ አበባ፣ ከበረራው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ይሁን።

በካርጎ ልላከው ብላችሁ አታስቡ። የጭነት ሰነድ፣ በሁለቱም አገር የጉምሩክ ሥርዓት፣ ከመንገደኛው ተለይቶ መድረስ አለበት፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ጉብኝት አይገባም።

በኤሌክትሪክ የሚሞላ ባትሪ ያላቸውን መብራቶች ወይም የስልክ ተጨማሪ ባትሪ በካርቶኑ ውስጥ አታስቀምጡ፣ የሊትየም ባትሪ ለብቻው ሲሆን ከእናንተ ጋር በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው። በተቃራኒው መፍቻዎቹ በሚጫነው ውስጥ ይሁኑ። የሚረጭ ዘይትና የታመቀ ጋዝ ትታችሁ ተራ መንፊያ ያዙ።

መምህርት ከቦሩ ሜዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፤ ለሁለታችሁም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ጎማው ከአየር መተንፈስ አለበት የሚባለው እውነት ነው? ዕቃው ተሰብሮ ቢደርስስ መብታችን እስከ ምን ድረስ ነው?

ጭነት ላይ የሠራ

የጎማውን ጉዳይ እኛ ደሴዎች ከማንም በላይ በቀላሉ እንረዳዋለን። የዕቃው ክፍል እንደ መንገደኛው ክፍል የአየር ግፊቱ የተጠበቀ ሲሆን፣ በበረራ ላይ ግፊቱ ቢቀንስ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር በታች እንዳይወርድ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ደሴ ራሷ በ2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ቦሩ ሜዳ ላይ ሳይፈነዳ የሚውል ጎማ በአውሮፕላን ውስጥ የሚፈነዳበት ምክንያት የለም። ቢሆንም ብዙ አየር መንገዶች እንዲተነፍስ ያዛሉ፤ እናንተም ጎማውን ከቸርኬው የምታወጡት ስለሆነ ክርክር ውስጥ አትግቡ።

ስለ ጉዳት፣ ኢትዮጵያም ኦስትሪያም እ.ኤ.አ. በ1999 የሞንትሪያል ስምምነት የታቀፉ ናቸው። በዚህ ስምምነት ለአንድ መንገደኛ ሻንጣ አየር መንገዱ የሚጠየቀው ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም ገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ሲሆን፣ ዕቃችሁ ከዚህ በላይ ዋጋ ካለው ስታስረክቡ ዋጋውን አሳውቃችሁ ተጨማሪ ክፍያ በመክፈል ጣሪያውን ማስነሳት ትችላላችሁ። ጉዳቱን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትወጡ አስመዝግቡ፤ ባይቻል ዕቃውን በተረከባችሁ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ከዚያ በኋላ መብቱ ይቀራል። ደካማ አስተሻሸግ ግን ክርክራችሁን ያዳክመዋል፤ ከመታሸጉ በፊት እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንሡ።

ለቀረጡ የግዢ ደረሰኙንና በቴላዮው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር የሚያሳይ ፎቶ ይዛችሁ፣ ስትወጡ ለጊዜው የሚወጣና የሚመለስ ዕቃ መሆኑን ለጉምሩክ አስመዝግቡ። ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ስላለ አሠራሩን አዲስ አበባ ሳትደርሱ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የሐይቅ ልጅ፣ ከቪየና

እህታለም፣ ዕቅዳችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። ፓሳው እስከ ቪየና 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወንዙ የሚወርደው እናንተ በምትሄዱበት አቅጣጫ ስለሆነ መንገዱ በአብዛኛው ሜዳ ነው። ከሐይቅ ወደ ደሴ ለለመደ እግር አያስቸግርም። ሊንዝ፣ ግራይን፣ ሜልክ፣ ክሬምስ እያላችሁ ትመጣላችሁ፤ ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለው የዋኻው ሸለቆ ወይን የተተከለበት እርከን ነው፤ እዚያ አትቸኩሉ፣ ለወንድምሽ እርከኑን ብትገልጪለት የወሎን እርከን ያውቃልና ወዲያው ይረዳሻል።

ስለ ብስክሌቱ፣ መጀመሪያ ቪየና በዘመዳችሁ ቤት ገጥማችሁ ሞክሩት፣ ካርቶኖቹን እዚያው ተዉዋቸው። ጉዞው የሚያበቃው ቪየና ስለሆነ ስትመለሱ እዚያው ታገኟቸዋላችሁ። ወደ ፓሳው ቀጥታ ባቡር አለ፤ ነገር ግን ለብስክሌት ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፣ ታንደም ደግሞ በሁሉም ባቡር ላይ አይጫንም፤ ስለዚህ ስትጠይቁ «ብስክሌት» ብቻ ሳይሆን «ታንደም» ብላችሁ ርዝመቱን ተናገሩ። የማይሆን ከሆነ ትንሽ የጭነት መኪና ተከራይታችሁ ዘመዳችሁ ያድርሳችሁ፤ ለሁለት ሰውና ለአንድ ረጅም ብስክሌት የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

ጎማውን የምትነፉበትን መለኪያ እዚህ እንደገና ተመልከቱ። ቪየና ከባሕር ጠለል በላይ ከ200 ሜትር በታች ናት፤ የውጭው አየር ስለሚከብድ ደሴ ላይ የተነፋ ጎማ እዚህ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ቀንሶ ይታያል። የሁለት ሰው ክብደት ለሚሸከም ጎማ ይህ የሚናቅ አይደለም። በኦስትሪያ ሕግ ብስክሌት ደወል፣ መብራት፣ አንጸባራቂና እርስ በርስ የማይደጋገፉ ሁለት ፍሬኖች ሊኖሩት ይገባል፤ ጎደሎ ካለ ከመነሳታችሁ በፊት አሟሉት።

ብስክሌት ጠጋኝ፣ ኮምቦልቻ

አንድ ነገር ልጨምር። መፍታትና መግጠሙን ወንድምዎም ይማር። ብሎኑንና ሮንዴላውን በጣቱ ለይቶ ማወቅ ይችላል፤ በተለያየ ትንንሽ ከረጢት ከፍለው ከረጢቱን በቋጠሮ ብዛት ምልክት ያድርጉለት። እርስዎ ወረፋና ሰነድ ሲጨርሱ እርሱ የጎደለ እንዳለ ይቆጣጠራል። ብስክሌቱን ኮምቦልቻ ካመጣችሁልኝ አብረን አንድ ጊዜ ፈትተን እንገጥመዋለን፤ የሥራ ዋጋ አልጠይቅም።

መምህርት ከቦሩ ሜዳ

ዛሬ ጎማዎቹንና ሹካውን አውጥተን ለካነው፤ ቴላዮው 1 ሜትር ከ68 ነው። ለአየር መንገዱ የሁለቱን ካርቶኖች ልክና ክብደት የያዘ ደብዳቤ ጽፌ ልኬያለሁ፤ ፈቃዱ በጽሑፍ እስኪመጣ ትኬቱን አንቆርጥም። ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ እንመጣለን፣ ጋሼ፤ 145 ሚሊ ሜትር የተቆረጠ ቧንቧ ካለዎት አንድ ያስቀምጡልን።