የ15 ዓመት ልጄ «ክሬቲን ግዛልኝ» ብሎ ይዞኛል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የአማካዩ አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ አማካይ ሆኖ ይጫወታል። በሳምንት አራት ቀን ልምምድ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጨዋታ አለው። ዘንድሮ ቁመቱ ድንገት ተመዘዘ፤ ሰውነቱ ግን ቀጭን እንደሆነ ነው። በቅርቡ መልማዮች የሚገኙበት ውድድር አለባቸው። አሁን ክሬቲን የሚባለውን የጉልበት ማሟያና ከልምምድ በፊት የሚወሰደውን «ፕሪ ወርክአውት» የሚባል ዱቄት ካልገዛህልኝ እያለ ነው። የቡድን ጓደኞቹም ይወስዳሉ ይለኛል።

ጠንከር ያሉት ልጆች በትከሻ ገፍተው ኳስ ሲነጥቁት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በደፈናው «አይሆንም» ብለው ደግሞ ተደብቆ እንዳይወስድ እፈራለሁ። የምታውቁ ሰዎች ምን ትላላችሁ?

ግራ ተመላላሽ፦

ጋሼ፣ እኔ 19 ዓመቴ ነው፤ ክሬቲን እወስዳለሁ። የተከለከለ ነገር አይደለም። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ ሥጋና ዓሣ ውስጥም ያለ ነው። ደጋግሞ በፍጥነት ለመሮጥ ይረዳል፤ ይህን ያረጋገጡ ብዙ ጥናቶች አሉ። ፕሪ ወርክአውቱን ግን አልመክርም። አንድ ጊዜ ቀምሼው ልቤ እየደለቀ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አድሬያለሁ።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፦

ወንድሜ፣ ታዳጊዎችን ሳሠለጥን ዓመታት ሆነኝ፤ ይህ ጥያቄ የማይነሳበት የውድድር ዘመን የለም። እኔ አትግዛለት ባይ ነኝ። ምክንያቱን ግን ቁጭ ብለህ አስረዳው፤ ልጆች ምክንያት ሲነገራቸው ይሰማሉ።

መጀመሪያ የትከሻውን ነገር እናንሳ። ወንዶች ልጆች ቁመታቸው በጣም የሚፈጥነው በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው። ጡንቻው ከቁመቱ ዘግይቶ ይመጣል። ደግሞም አንዱ ቀድሞ ይጎለምሳል፣ ሌላው ይቆያል። አንድ ቡድን ውስጥ እኩል 15 ዓመት የሆናቸው ሁለት ልጆች በሰውነት ብስለት የዓመታት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ልጅህን የሚገፉት አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የጎለመሱት ናቸው። ይህን ልዩነት የሚዘጋ ዱቄት የለም። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይጠባል።

እስከዚያ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ኳስ ወደ እሱ ከመምጣቱ በፊት ዞር ብሎ ኋላውን ይይ። ኳሱን ሲቀበል ሰውነቱን ወደ ጎን ያዙር። በመጀመሪያ ንክኪው ከተጋጣሚው ይራቅ። ማንም ሳይደርስበት ኳሱን ያቀበለ አማካይ በትከሻ የሚገፋው አያገኝም። እኔ የማውቃቸው መልማዮችም ማስታወሻ የሚይዙት ይህን ሲያዩ ነው። ጉልበት በኋላ እንደሚመጣ ያውቃሉ።

ከዚያ ወደ ምግቡ። እስቲ ልጠይቅህ፤ ልጅህ ልምምድ የሚሄደው ምን በልቶ ነው? ብዙ ልጆች ቀን ምሳ ከቀመሱ በኋላ ምንም ሳይበሉ ማታ ልምምድ ይመጣሉ። መጀመሪያ ላይ ይሮጣሉ፤ ወደ መጨረሻው እግራቸው ይታሰራል። ወላጅም ልጁም «አቅም አነሰው» ይላሉ። ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመው ስኳር ማለቁ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች ለትልልቅ ተጫዋቾች የሰጡት ምክር አለ። ከጨዋታ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቀደም ብሎ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 3 ግራም ካርቦሃይድሬት መብላት ነው። 55 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ዝቅተኛው 55 ግራም ይሆናል። አንድ ደህና ሰሃን ሩዝ ወይም ፓስታ ከዚህ አያንስም።

እንቅልፉንም ተከታተል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀው በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ስልክ ይዞ እያመሸ ክሬቲን የሚጠይቅ ልጅ ካለ፣ ስልኩ ማታ ሌላ ክፍል ይደር። ይህን የምለው ከልቤ ነው። በቡድኔ ውስጥ ለውጥ ያየሁባቸው ልጆች መተኛትና መብላት የጀመሩት ናቸው።

የአማካዩ አባት፦

አመሰግናለሁ አሰልጣኝ። የምሳውን ነገር ስጠይቀው እውነትም እንዳልከው ሆኖ አገኘሁት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ክሬቲን ካልተከለከለና ጥናት ካለው፣ ለልጅ ጉዳቱ ምንድን ነው?

ፋርማሲስቷ፦

እኔ ልመልስ። ታናሽ ወንድማችን ስለ ክሬቲን ያለው ትክክል ነው። ጤናማ በሆኑ አዋቂዎች ላይ በደንብ ከተጠኑት ማሟያዎች አንዱ ነው። የተለመደው መጠን በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ነው። መጀመሪያ ላይ ጡንቻ ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ ክብደት ይጨምራል። ግን ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት በአዋቂዎች ላይ ነው። በማደግ ላይ ባለ ልጅ ሰውነት ላይ ለዓመታት ሲወሰድ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረን መረጃ ጥቂት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ታዳጊዎች እንዲወስዱት አይመክርም።

ፕሪ ወርክአውት የባሰ ነው። ዋናው ነገሩ ካፌይን ነው፤ በአንድ ጊዜ መጠን 200 ወይም 300 ሚሊግራም ያላቸው አሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለልጆችና ለታዳጊዎች በቀን በኪሎ 3 ሚሊግራም ድረስ አያሰጋም ብሏል። ልጅዎ 55 ኪሎ ከሆነ 165 ሚሊግራም ማለት ነው። የእነዚህ አንድ ማንኪያ ዱቄት ከዚህ ያልፋል፤ እሱም ሻይና ለስላሳ ሳይቆጠር።

እኔን ግን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ቆርቆሮው ላይ ያልተጻፈው ነው። በብዙ አገር ማሟያ እንደ መድኃኒት ከሽያጭ በፊት አይመረመርም። ኮሎኝ የሚገኝ ላቦራቶሪ ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 ማሟያዎችን መርምሮ ነበር። 94ቱ ውስጥ ስያሜው ላይ ያልተገለጹ፣ ሆርሞን የሚመስሉ የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ተገኙ። ከመቶ 15 ገደማ ማለት ነው። ጥናቱ የቆየ ቢሆንም ችግሩ ዛሬም አለ።

በፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግ ደግሞ ሰውነትህ ውስጥ ለተገኘው ነገር ኃላፊው አንተ ነህ፤ «አላወቅኩም» ማለት ቅጣት ሊያቀልል ይችላል እንጂ ነፃ አያወጣም። ፈረንሳዊውን ተጫዋች ፖል ፖግባን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገለት ምርመራ ዲኤችኢኤ የሚባል የተከለከለ ሆርሞን ተገኘበት። ሐኪም ያዘዘለት ማሟያ እንደሆነ ተናገረ። መጀመሪያ አራት ዓመት ተቀጣ፤ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ሆን ብሎ እንዳልወሰደ ተቀብሎ ወደ 18 ወር ዝቅ አደረገለት። እንደ እሱ ያለ፣ የራሱ ሐኪምና ጠበቃ ያለው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ የ15 ዓመት ልጅ በጓደኛ በኩል ያገኘውን ዱቄት ማን ያረጋግጥለታል?

ግራ ተመላላሽ፦

ይህን የላቦራቶሪ ነገር አላውቅም ነበር። እኔ የምወስደው ተመርምሯል የሚል ምልክት እንዳለው አያለሁ እህቴ።

ፋርማሲስቷ፦

ጎሽ። ገለልተኛ አካል በየምርት ዙሩ የመረመራቸውን ብቻ ውሰድ፤ የዙሩን ቁጥርም ከመርማሪው ድረ ገጽ ላይ አመሳክር። ይህም አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

የአማካዩ አባት፦

ተረድቻለሁ። የፕሮቲን ዱቄትስ? ተደብቆ ቢወስድስ?

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፦

እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ፣ ሥጋ ወይም ዓሣ በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ ከበላ የፕሮቲን ዱቄት አያስፈልገውም። ሁልጊዜ የሚደክመው ከሆነ ወይም ፊቱ ከገረጣ ሐኪም ዘንድ ውሰደውና የብረት መጠኑ ይታይ። ራስህ ገምተህ ክኒን አትስጠው።

ስለ መደበቁ፣ ቆርቆሮ ብታገኝ አትጩህበት። «ማን ሰጠህ፣ ምን ያህል ወሰድክ?» ብለህ ጠይቀውና ስያሜውን አብራችሁ አንብቡ። በእሱ ፈንታ የሚያደርገው ነገርም ስጠው። በሳምንት ሁለት ቀን አጠር ያለ የጉልበት ልምምድ ይሥራ፤ ፑሽ አፕ፣ ስኳት፣ ፕላንክ፤ አሠራሩን የሚያርም ሰው አጠገቡ ይኑር። ፊፋ ያዘጋጀው «11+» የሚባል የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ አለ፤ ጉዳት እንደሚቀንስ በጥናት የታየ ነው። አሰልጣኙ የማያሠራቸው ከሆነ እንዲጀምር ጠይቀው። የልጅህ ጓደኞች ስለሚወስዱትም ለአሰልጣኙ ንገረው፤ ሌሎቹም የሰው ልጆች ናቸው።