አብጠው ቢጫ የሆኑ የሐር ትሎች፦ «ስካፎልድ ፕሮቲን» ይረዳል?

ጠያቂ፣ ከሐይቅ፦
መልበሪ የሚበሉ ትሎች ናቸው፤ ቆዳቸውን ለአራተኛ ጊዜ ከቀየሩ ሦስተኛ ቀናቸው። አንዳንዶቹ በየመገጣጠሚያቸው አብጠው ቢጫ ሆነዋል፤ ቅጠሉን ትተው የሰፌዱን ጠርዝ ይዞራሉ፤ ሲነኩ ቆዳቸው ይቀደዳል። በሥልጠና ላይ ስካፎልድ የሚባል ፕሮቲን የትሉን መከላከያ ያጠናክራል ተብሎ ነበር። የሚበላ ወይም የሚረጭ አለው?

መላሽ፣ ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ፣ መጀመሪያ በሽታው ይለይ። የአንዱን ትል የሆድ እግር ጫፍ በመቀስ ቁረጪና ጠብታውን መስታወት ላይ ጣይው። የጤነኛ ደም ጥርት ብሎ ወደ ቢጫ ያደላል፤ አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ራሱ መከላከያ ነው፤ ሜላኒኑ ቁስሉን ይደፍናል። እንደ ወተት ከነጣ ግን ግራሰሪ የተባለው የቫይረስ በሽታ ነው።

መላሽ፣ ከወልዲያ፦
ቴትራሳይክሊን በጥብጦ ቅጠሉ ላይ መርጨትስ?

መላሽ፣ ከደሴ፦
ወንድሜ፣ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ስካፎልዱ ደግሞ እንደ ርብራብ ነው፤ ራሱ ጀርም አይገድልም፣ መልእክት የሚቀባበሉትን ፕሮቲኖች ጎን ለጎን ያቆማል። ቶል በሚባለው የመልእክት መንገድ ማይዲ88፣ ቲዩብና ፔሌ የሚባሉ ፕሮቲኖች ተያይዘው መልእክቱን ያሻግራሉ፤ ከዚያ የስብ አካል የሚባለው የትሉ የውስጥ አካል እንደ ሴክሮፒንና ሞሪሲን ያሉ ጀርም ገዳዮችን ያመርታል። ይህ በተለይ ለባክቴሪያና ለፈንገስ ነው። ርብራቡ ቢበዛም አይጠቅምም፦ አንዱ ፕሮቲን እዚህኛው፣ አጋሩ እዚያኛው ርብራብ ላይ ተለያይተው ይቀሩና መልእክቱ ይደክማል። ቢበላማ እንደማንኛውም ፕሮቲን አንጀት ውስጥ ይፈጫል።

መላሽ፣ ከኮምቦልቻ፦
ያበጡትን ሳይፈነዱ በወረንጦ ልቀሚና ክዳን ባለው ጣሳ የክሎሪን ውኃ ውስጥ ክተቺ፤ ከዚያ በጥልቀት ቅበሪ። ለዶሮ አትስጪ፣ መልበሪው ሥርም አትድፊ፤ ቫይረሱ አፈርና አቧራ ላይ ብዙ ይቆያል። የቀሩትን እንዳይጨናነቁ አራርቂ፣ በውኃ የበረደ የኖራ ዱቄት በስሱ ነስንሺ፤ ቅጠል ከ30 ደቂቃ በኋላ ይሰጥ። ሙቀቱ ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን፤ እርጥብ ቅጠል አይግባ።
ኮኩኑ (ትሉ የሚሠራው የሐር ጎጆ) ከተነሣ በኋላ ክፍሉንና ሰፌዱን እጠቢ፣ ቀጥሎ በ10 ሊትር ውኃ 200 ግራም የክሎሪን ዱቄትና 30 ግራም ኖራ በጥብጠሽ እስኪረጥብ ርጪ፤ 30 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆይ። ሳይታጠብ ከተረጨ ክሎሪኑን የትሎቹ ፋንድያ ይጨርሰዋል። ተከፍቶ ክረምቱን የሰነበተና ሽታው የጠፋ ዱቄትም አይሠራም።

ጠያቂ፣ ከሐይቅ፦
ጠብታው ወተት ይመስላል። ከተረፉት ለዘር ልያዝ?

መላሽ፣ ከደሴ፦
አትያዢ። ቫይረሱ የእንቁላሉ ቅርፊት ላይ ሊቀር ይችላል፤ ደህናውን ኮኩን ለክር አውዪው።