ሱሉልታ ላይ ለሚሠራ የመንደር ሙዚየምና መሰብሰቢያ አዳራሽ ጭቃ ይሻላል ወይስ ብሎኬት?

የዕድር ጸሐፊ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ዳር ባለችው መንደራችን፣ ዕድሩ ባገኘው ቦታ ላይ አነስተኛ ሙዚየምና መሰብሰቢያ አዳራሽ ለመሥራት ኮሚቴ አቋቁመን እየተነጋገርን ነው። እስካሁን የሰበሰብናቸው ሞፈርና ቀንበር፣ ኮርቻ፣ አቁማዳ፣ የወተት ጮጮ፣ እንዝርትና ጥቂት የጥንት ቀሚሶች አንድ አባላችን ቤት ተከማችተዋል። የኮሚቴው ወጣቶች በብሎኬትና በመስታወት ይሠራ ይላሉ፤ አዛውንቶቹ ጭቃ ቤት ብርዱንም ሙቀቱንም ስለሚችል ከእሱ አንወጣም ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ እንግዳ የሚስበው የሣር ክዳን ያለው ክብ ጎጆ ነው ባዮች ናቸው። ቦታው ከፊሉ ቀይ አፈር ያለበት ተዳፋት፣ ከፊሉ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ነው። ገንዘባችን ትንሽ ቢሆንም ጉልበት አለን። አካባቢውን የማይጎዳና ለልጆቻችን የጥገና ዕዳ የማይሆን ቤት በምን ብንሠራው ይሻላል?

መሐንዲሱ

ስለ ግድግዳው ከመከራከራችሁ በፊት የመሬቱን ጉዳይ ጨርሱ። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በላዩ ያረፈው ብሎኬት ይሁን ጭቃ ግድ የለውም፣ ሁለቱንም ይሰነጥቃቸዋል። ስለዚህ ሕንፃውን ወደ ተዳፋቱ አውጡትና ሜዳውን ለድንኳን መትከያ ተዉት። የግድ ዋልካው ላይ የምትሠሩ ከሆነ ጥቁሩን አፈር ቆፍራችሁ አውጡና በገረጋንቲ ተኩት፤ ገረጋንቲውም በስስ በስሱ እየተነጠፈና እየተጠቀጠቀ እንጂ በአንድ ጊዜ ተገልብጦ አይሞላም።

ቀዩ አፈር የተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ሊሆናችሁ ይችላል። ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ተደባልቆ በእጅ መጭመቂያ ስለሚመረት እንደ ሸክላ ጡብ እሳት አይፈልግም፤ ማገዶም አይፈጅም። ተሸፍኖና ውሃ እየጠጣ ሳምንታት መቆየት ግን አለበት፤ በችኮላ የተገነባ ብሎኬት ጠርዙ ይፈረፈራል። አፈሩን ለመፈተን አንድ ግልጽ ጠርሙስ እስከ ሲሶው በአፈሩ ሙሉና ውሃ ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁት። አሸዋው ወዲያው ይሰፍራል፣ ደለሉ ይከተላል፣ የጭቃው ልም ግን እስከ ማግሥቱ ውሃውን እንዳደፈረሰ ይቆያል። ከላይ የሰፈረው ልም ከጠቅላላው ሲሶ ካለፈ አሸዋ መጨመር ያስፈልጋል።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ በብሎኬት ከሠራችሁ ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስረውን ቶፕ ታይ ቢም ወጪ ለመቀነስ ብላችሁ እንዳትተዉት።

የሙዚየም ባለሙያ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዕቃውና ጉባኤው በአንድ ክፍል ውስጥ መታሰባቸው ነው። በሐምሌ ዝናብ የመጣ ሕዝብ እርጥብ ጋቢውን እንደ ለበሰ አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ቡናው ሲፈላና ዕጣኑ ሲጤስ የክፍሉ አየር ምን ያህል እንደሚረጥብ አስቡት። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ አልፎ ከቆየ አቁማዳውና ኮርቻው ሻጋታ ያወጣሉ። ስለዚህ ሁለት ቤት፣ በመካከላቸውም በረንዳ እንዲኖር አድርጉ። ለዕቃ ማከማቻው የአፈር ግድግዳ ጥሩ ነው፤ እርጥበት ሲበዛ ይመጥጣል፣ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይሰጣል፤ ውስጡ በዘይት ቀለም ከተቀባ ግን ይህን ማድረግ አይችልም።

ወጣቶቹ ቅር አይበላቸው እንጂ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ፊት ለቀሚሶቹ ጠላት ነው። ለጨርቅና ለቀለም ጠንቀቅ የሚል ሙዚየም የብርሃኑን መጠን ከ50 ሉክስ አያሳልፍም፤ ይህም ጥሩ መስኮት ካለው ተራ ክፍል እጅግ የደበዘዘ ነው። ከፍ ያሉ ትናንሽ መስኮቶችን በሰሜን በኩል አድርጉና መዝጊያ ግጠሙላቸው። ሰኔ ላይ ፀሐይ በእናንተ ሰሜን በኩል ብታልፍም ወቅቱ ደመናማ ስለሆነ ጉዳቷ ቀላል ነው።

ከቻላችሁ የቅድመ ታሪክ ሰው ቅርስ የተገኘበትን መልካ ቁንጥሬን ሄዳችሁ እዩ። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሙዚየሙም ለየርዕሱ በተለያዩ ትናንሽ ጎጆዎች የተከፋፈለ ነው። አንድ ትልቅ አዳራሽ መገንባት ግዴታ እንዳልሆነ ለኮሚቴው በዓይን ያሳያል።

ጭቃ ሠሪ

በጭቃ የሠራ ሰው አስተያየት ይጨመርበት። ጭቃ ቤትን የሚያፈርሰው መሬት ላይ ወርዶ ግድግዳው ግርጌ ላይ የሚነጥረው የጣራ ውሃና በካፊያ የሚገርፈው ዝናብ ነው። ስለዚህ ከመሬት በላይ ቢያንስ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ግንብ ይቅደም፤ የጣራው ክፈፍም ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ይውጣ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ተረግጦ፣ ቀናት ከከረመ በኋላ እንደገና ተረግጦ ይመረግ፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁን ሳያሳይ ሁለተኛው አይደረብበት። በላዩ የሲሚንቶ ልስን እንዳትለስኑ አደራ። ልስኑ እርጥበቱን ውስጥ ያፍናል፣ ከጭቃው ጋርም ስለማይያያዝ በቅርፊት በቅርፊት ይረግፋል። ኖራ ይበቃዋል።

ባሕር ዛፉን በበጋ ቆርጣችሁ ላጡትና አድርቁት። እግሩን የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ መቅበር የተለመደ ነው፤ ምስጡን ለጊዜው ቢያዘገየውም አፈሩን ይመርዛል፤ ቋሚውን ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። ሣር ክዳንን በተመለከተ ደግሞ ሣሩ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፣ በየጊዜውም መታደስ ይፈልጋል፣ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ደግሞ የሰበሰባችሁትን ሁሉ ልትወስድ ትችላለች። ቆርቆሮ አልብሱት፤ ለዝናቡ ጩኸት ኮርኒስ ሥሩለት። የእንጦጦው የምኒልክ ቤተ መንግሥት በድንጋይ፣ በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ፣ በኖራ ተቀብቶ ያን ሁሉ ክረምት አሳልፏል፤ ከእናንተ ጋራውን መሻገር ብቻ ነው፣ ሽማግሌዎቹንም ወጣቶቹንም አብራችሁ ውሰዷቸው።

የዕድር ጸሐፊ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ቤት የሚለው ሐሳብ ለኮሚቴው አዲስ ነው። አንድ አባላችን ከቡርኪና ፋሶ የተወሰደ፣ ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ ትምህርት ቤት ፎቶ አምጥቶልን ነበር፤ እሱንስ እንዴት ታዩታላችሁ?

መሐንዲሱ

እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀው የጋንዶ ትምህርት ቤት ይመስለኛል፤ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን ታላቅ የሥነ ሕንፃ ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ጣራው የተነሣው የዚያን አገር ሙቀት በነፋስ ለማባረር ነው። እናንተ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ሆናችሁ ማታ የምትንቀጠቀጡ ሰዎች ናችሁ፤ ቅርጹን እንዳለ ብትቀዱ ብርድ ትገዛላችሁ። ከእሱ የሚወሰደው የመንደሩ ሰው ራሱ ብሎኬቱን ማምረቱና ሙያውን መማሩ ነው።

ይልቅ ያ ሁሉ ቆርቆሮ ውሃ ይስጣችሁ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። አካባቢያችሁ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚያገኝ፣ 200 ካሬ ሜትር ጣራ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ 160,000 ሊትር ያህል ያወርዳል። አብዛኛው በክረምት ስለሚመጣ ሁሉን አጠራቅማለሁ ብላችሁ ትልቅ ጋን አትሥሩ፤ ለጭቃ ማቡኪያና ለዕድሩ ዕቃ ማጠቢያ የሚሆነውን ያዙ፣ የተረፈውን በቦይ ከመሠረቱ አርቁት።

ጭቃ ሠሪ

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ከደረት የማትበልጥ አንዲት የሙከራ ግድግዳ አቁሙ፤ ግማሿን በጭቃና በኖራ፣ ግማሿን በአፈር ብሎኬት ሥሯትና አንድ ክረምት ይውረድባት። የጠርሙሱን ውጤትም ፎቶ አንሥታችሁ እዚሁ ለጥፉልን፤ የጭዱን መጠን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።