የአባቴ ቮልስ ስፒዶሜትር ቆመ፤ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

ቮልስ 1300፣ ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁም። የ1966 እ.ኤ.አ. ቮልስ አለኝ፤ 1300 ሞተር፣ ባለ 6 ቮልት። ዕድሜውን ሙሉ የነዳው አባዬ ነው። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነ፤ አሁን እኔ ነኝ የምነዳው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከወንጂ ስመለስ የስፒዶሜትሩ ቀስት መዝለል ጀመረ። 40፣ 70፣ ተመልሶ 30። ከክሩስኮቱ ውስጥ ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ይሰማኝ ነበር። አዳማ ስገባ ቀስቱ ዜሮ ላይ ወደቀና ቀረ። የኪሎሜትር ቁጥሩም አብሮ ቆመ።

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ፊቱን አየት አደረገና «ይሄ አልቆለታል፤ ከሌላ ቮልስ የተፈታ አለኝ፣ እሱን ልግጠምልህ» አለኝ። ምንም ነገር ፈትቶ አላየም።

ያስጨነቀኝ ገንዘቡ አይደለም። ቁጥሩ 61,372 ላይ ነው የቆመው። ቆጣሪው አምስት አኃዝ ብቻ ስለሆነ 99,999 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። አባዬ ሁለት ጊዜ አዙሮታል። ሁለተኛው ጊዜ አብሬው ነበርኩ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ። ሞጆ ልንደርስ ስንል ዳር ይዞ ቀስ እያለ ነዳና አምስቱ ዜሮዎች ሲደረደሩ አሳየኝ። እዚያ ቦታ ላይ የሌላ ሰው ቁጥር ማየት አልፈልግም።

ደግሞ ስፒዶሜትር ሳይኖረኝ ፈጣን መንገዱ ላይ መውጣት ያስፈራኛል። ይህን ነገር የሚያውቅ ካለ ምከሩኝ።

ባለ ፔጆ 404

ሶማሌ ተራ ብትሄድ የተፈታ አታጣም። ግን የኋለኞቹን ሞዴሎች እንዳይሸጡልህ። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የነዳጅ ጌጁ ስፒዶሜትሩ ውስጥ ገብቷል፤ ያንተ ለብቻው ነው። ከገዛህ በኋላ ትቸገራለህ።

ሰዓት ሠሪው

ወንድሜ፣ ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ከግራ የፊት ጎማህ አጠገብ ቁጭ በል።

እኔ ሥራዬ ሰዓት ነው። ስፒዶሜትርም እሠራለሁ፤ ውስጡ የሰዓት ዘመድ ነውና። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀስቱም ቁጥሩም እኩል ቆሙ አልክ። ቀስቱ ቆሞ ቁጥሩ ቢሄድ ኖሮ በሽታው ጌጁ (ስፒዶሜትሩ ራሱ) ውስጥ ነው እልህ ነበር። ሁለቱም አንድ ላይ ሲቆሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከታች የሚያዞራቸው ነገር ነው የተቋረጠው።

በብዙ መኪና ላይ የስፒዶሜትር ካቦ የሚነሳው ከካምቢዮ ነው። ቮልስ ላይ ግን ከግራ የፊት ጎማ ነው። ጎማው መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ቆብ እያት። አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላት። የካቦው ጫፍ በዚያ ብቅ ይልና በትንሽ ሽቦ ይቆለፋል። ቆቧ ከጎማው ጋር ስትዞር ካቦውን ይዛ ትዞራለች። ያቺ ሽቦ ከወደቀች፣ ወይም ቀዳዳው ተበልቶ ክብ ከሆነ፣ ጎማው ይዞራል፤ ካቦው ግን ይቆማል። በዚህች ቆብ ምክንያት ስንት ደህና ስፒዶሜትር ተጥሏል! ያናድደኛል።

ጢቅ ጢቁ ደግሞ የደረቀ ካቦ ድምፅ ነው። ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል፤ ቀስቱም አብሮ ይዘላል። የአዳማን ንፋስና አቧራ ታውቀዋለህ፤ ካቦው ውስጥ ገብቶ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ሲቦካ እንደ ጭቃ ይሆናል።

የፊቱን ኮፈን ክፈትና ከስፒዶሜትሩ ጀርባ ያለውን ዳዶ በእጅህ ፍታ። ጎማውን በክሪክ አንስተህ ሰው ያዙርልህ። ከላይ የካቦው ጫፍ ካልዞረ ወይ ቆቧ ነች፣ ወይ ካቦው ተበጥሷል። አዲስ ካቦ ስታስገባ ግራሶውን በስሱ ቀባ፤ የላይኛውን አንድ ስንዝር ደረቅ ተወው። ካቦ ሲዞር ግራሶ ወደ ላይ ይስባል። ግራሶ ጌጁ ውስጥ ከገባ ያን ጊዜ በእርግጥ ታበላሸዋለህ።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ውስጡ ማግኔት አለ፤ ካቦው ያዞረዋል። ማግኔቱን የሸፈነች የአሉሚኒየም ጽዋ አለች፤ ቀስቱ የተተከለው እሷ ላይ ነው። ሁለቱ አይነካኩም። ማግኔቱ ሲዞር ጽዋዋን ይስባታል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ ደግሞ ወደ ዜሮ ትመልሳታለች። ፍጥነትህ የሁለቱ ጉተታ ነው። ኦቶ ሹልዘ የሚባል ጀርመናዊ ይህን አሠራር በ1902 እ.ኤ.አ. አስመዘገበው፤ እስከ ቮልስህ ድረስ መሠረቱ አልተለወጠም። በማግኔቱና በጽዋዋ መካከል ዘይት ከገባና ከረጋ ቀስቱ ይንቀረፈፋል። ስለዚህ ዘይት የሚረጭ ሰው አታስጠጋው። የፊቱን ቁጥሮችም በእርጥብ ጨርቅ እንዳትጠርግ፤ ቀለሙ ይለቃል።

ቮልስ 1300፣ ከአዳማ

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከእህቴ ጋር ሠራነው። ቆቧ እንዳሉት ነች፤ ቀዳዳው ሙልጭ ብሎ ክብ ሆኗል። ካቦውም ከታች በኩል ተተርትሮ ነበር። ቆብም ካቦም ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ስንዝሩንም ደረቅ ተውኩት። ዛሬ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ቁጥሩ 61,373 ሲል እህቴ አለቀሰች።

አንድ ነገር ግን አለ። ስፒዶሜትሩ 60 ሲል የእህቴ ስልክ በጂፒኤስ 54 ይላል። ጌጁ ይከፈት?

ሰዓት ሠሪው

እንኳን ደስ አላችሁ! ለእህትህም ሰላምታ በልልኝ።

ገና አትክፈተው። መጀመሪያ በስልኩ 20 ኪሎሜትር ለክተህ ንዳ። ቆጣሪው 22 ከቆጠረ ምክንያቱ ጎማህ ነው፤ ከፋብሪካው መጠን ያነሰ ተገጥሞልሃል ማለት ነው። ትንሽ ጎማ ለአንድ ኪሎሜትር ብዙ ጊዜ ይዞራል። ቆጣሪው 20 ብቻ ከቆጠረ ግን ጎማው ደህና ነው፤ ሞላዋ ላልታለች። ያን ጊዜ ጌጁን ሳትነካካ አምጣልኝ። ቁጥሩን አልነካብህም።

ጎማው ላይ የተጻፈውን መጠን እስቲ ጻፍልኝ።

ቮልስ 1300፣ ከአዳማ

155 አር 15 ይላል። ነገ ጠዋት 20ዋን ነድቼ እነግርዎታለሁ።