በኅብረታችን ያዘነችውን እህት እንዴት ልቅረባት?

9 አባላት ያሉት የቤት ኅብረት መምራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከመካከላችን አንዲት እህት እናቷን ከቀበረች አራት ወር ሆኗታል። መምጣቷን አላቋረጠችም ነበር፤ ግን በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ሳትገልጥ ጉልበቷ ላይ ይዛ ትቆያለች፣ የመጨረሻው "አሜን" እንደተባለ ከሁሉም ቀድማ ትወጣለች።

በየሳምንቱ ደወልኩላት፤ "ደህና ነኝ" ከማለት አታልፍም። ከሌላ እህት ጋር ቤቷ ሄድን፤ በደስታ ተቀበለችን፣ ስለ እናቷ ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ከዚያ ትልቅ ስሕተት ሠራሁ፦ ሳላስፈቅዳት ኀዘኗን የጸሎት ርእስ አድርጌ በሁሉም ፊት አነሣሁት። አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ቀርታለች፤ ስልኬንም አታነሣም። የላክሁላትን የይቅርታ መልእክት አንብባዋለች፣ አልመለሰችም።

ገላትያ 6፥2 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዛል፤ ቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ቀርቻለሁ። ኀዘንተኛ አባል የተንከባከባችሁ መሪዎች፣ አሁኑኑ ቤቷ ሄጄ ፊት ለፊት ይቅርታ ልጠይቃት ወይስ የምታምናት እህት ቀድማ እስክታነጋግራት ልታገሥ?