ለሬሜዲያል የትኛውን መጽሐፍ ልግዛለት? ባሕር ዳር ያላችሁ እርዱኝ

የሽምብጧ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ከ600 238 አመጣ። ተፈጥሮ ሳይንስ ነው። ለሬሜዲያል፣ ማለትም ማለፊያውን 50 በመቶ ላላገኙ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ነጥቡ በቅቶታል፤ አሁን ምደባና ጥሪ እየጠበቅን ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው፤ ለመጽሐፍ ብዬ ከደመወዜ 1,500 ብር አስቀምጫለሁ። ትናንት ከሥራ ስወጣ ፔዳ በር አካባቢ ያሉትን መጻሕፍት ቤቶችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ዞርኳቸው። አንዱ አምስቱንም ትምህርት አንድ ላይ የያዘ ወፍራም መጽሐፍ አወጣልኝ። ሌላው ለየትምህርቱ የተለያየ ሾርት ኖት አለው። ሦስተኛው ደግሞ «የአፕቲትዩድ (የአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ጥያቄ) መጽሐፍ ካልጨመርሽበት ዋጋ የለውም» አለኝ። ወንድሜ በበኩሉ በስልኩ የማያልቅ የቴሌግራም ፒዲኤፍ ይጭናል፤ ከፍቶ ሲያነበው ግን አላየሁትም። ሁሉም ይገዛልኝ ነው የሚለው። እኔ ትምህርቴን 10ኛ ላይ ስላቆምኩ የቱ ጥሩ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ይህ ዕድል እንዲያመልጠው አልፈልግም። ከየትኛው ልጀምር?

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር፦

እህቴ፣ ብሩን ለጊዜው ያዢው። መጀመሪያ አፕቲትዩዱን ተይው። በሬሜዲያል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚማረው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። አፕቲትዩድ ያለው 12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ነው። ውጤቱ ደግሞ 30ው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከሚሰጠው ምዘና፣ 70ው ከማዕከል ከሚመጣው ፈተና ይያዛል፤ ተደምሮ ከ100 50 የሞላለት ፍሬሽማን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት፣ ይገባል። ስለዚህ ትልቁ ውጤት ያለው ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ በወጣው ሞጁል ላይ ነው። ሞጁሉ ደግሞ የ2ኛ ደረጃን ትምህርት አሳጥሮ የያዘ ነው እንጂ አዲስ ነገር የለውም። ግቢ ሲገባ ትምህርቱ ይሮጣል፤ ከመሠረቱ ልማር ቢል ጊዜ አያገኝም። ጥሪ የሚጠበቅበት ይህ ወቅት የሚጠቅመው መሠረቱን ለማጠንከር ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የተማሪ መጽሐፍ ነው። እሱ በነጻ በፒዲኤፍም ይገኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ወንድምሽም ይስማው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ሬሜዲያል የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም እዚህ የደረሰው። ይህን ሳያምን ቢያነብ ንባቡ አይገባውም።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ከመግዛትሽ በፊት አንድ ያለፈ ዓመት የፊዚክስና የሒሳብ ፈተና አምጪለት። ስልኩን አንቺ ጋ አስቀምጦ፣ ሰዓት ይዞ ይሥራው። ከዚያ የሳታቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሦስት ቦታ ይለያቸው፤ ሐሳቡን ጭራሽ የማያውቀው፣ ሐሳቡን እያወቀ ስሌቱ ወይም መለኪያው (ዩኒቱ) ያሳተው፣ ጥያቄው ራሱ ያልገባው። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። «ሰርፌሱ ስሙዝ ነው» ሲባል ሰበቃ የለም ማለት መሆኑን ባለማወቁ ብቻ የኒውተንን ሕግ አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ ይሳሳታል። ብዙው ስህተት ሁለተኛው ላይ ከሆነ የሚያስፈልገው ብዙ መልመጃ እንጂ ሾርት ኖት አይደለም። አንደኛው ላይ ከሆነ ደግሞ ሾርት ኖት ይባስ ይጎዳዋል፤ ሾርት ኖት ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው፣ ለማያውቅ ሰው አያስተምርም።

መጻሕፍት ቤት ስትሄጂ፣ 10ኛ ላይ አቆምኩ ብለሽ አትጨነቂ፤ መጽሐፍ መፈተን ትችያለሽ። ሁለት መልሳቸውን የምታውቂያቸው ጥያቄዎች ይዘሽ ሂጂ። ለፊዚክስ ይህን ያዢ፤ ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብላ ወደ ላይ ብትወረወር፣ የስበቱን ፍጥንጥነት 10 ብንወስድ፣ 20 ሜትር ትወጣለች፤ ጫፍ ለመድረስ 2 ሰከንድ ይፈጅባታል። ለኬሚስትሪ፣ 0.01 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 2 ነው። እነዚህን የመሰለ ጥያቄ መጽሐፉ ውስጥ ፈልጊ፤ እንዴት እንደተሠራ መስመር በመስመር ያሳያል? ወይስ መጨረሻው ገጽ ላይ «ሐ» ወይም «መ» ብቻ ደርድሮ ያልፋል? ፊደል ብቻ ከሆነ መልሺለት። ቀጥሎ የመጽሐፉን ማውጫ ከተማሪው መጽሐፍ ማውጫ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፤ በድሮው ተዘጋጅተው ሽፋናቸው ብቻ የታደሰ መጻሕፍት አሉ። ምዕራፎቹ ካልተገናኙ ተይው። አምስቱን ትምህርት አንድ ላይ ያደረገው ወፍራሙ መጽሐፍ በአብዛኛው እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃል፤ ሁሉንም ለመንካት ሲል አንዱንም አያብራራም።

ደካማ ለሆነበት ትምህርት አንድ ጥሩ ማጣቀሻ ይበቃዋል። ለአምስቱም አያስፈልግም።

ከዘጌ እስከ ፖሊ፦

እኔ ሬሜዲያል ወስጄ አልፌ አሁን ፖሊ ግቢ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ሁለተኛ ዓመት ነኝ። መምህር ያሉት ትክክል ነው፤ በሒሳብ ላይ ግን ትንሽ እለያለሁ። የተማሪው መጽሐፍ መልመጃ ብዙ አለው፣ የአብዛኛው መልስ ግን የለም፤ ብቻውን የሚያጠና ልጅ ልክ ይሁን አይሁን አያውቅም። ስለዚህ ወንድምሽ ደካማ ባይሆንም እንኳ ለሒሳብ መልሱ ተሠርቶ የቀረበ የመልመጃ መጽሐፍ ብትገዢለት አትጸጸቺም። እኔን የያዘኝ ሊሚትና ዴሪቬቲቭ ነበር፤ መፍትሔውን ሸፍኜ እየሠራሁ፣ ከዚያ ከፍቼ እያስተያየሁ ነው የወጣሁት።

ዘጌ እያለን ኔትወርክ ስለማይታመን ባሕር ዳር ስመጣ የካን አካዳሚን (በነጻ የሚገኙ የኢንተርኔት ትምህርቶች) ቪዲዮዎች አውርጄ በፍላሽ ይዤ እመለስ ነበር። ፌት የሚባሉት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሲሙሌሽኖችም በነጻ ናቸው፣ ካወረድሻቸው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ለኤሌክትሪክ ሰርኪት ትምህርት ላብራቶሪ አይቶ ለማያውቅ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ቴሌግራሙን በተመለከተ፣ ሁለት ቻናል ይምረጥ፣ ሌላውን ያጥፋ። «የማዕከሉ ፈተና እጃችን ገብቷል፣ ብር ላኩ» የሚለውን ደግሞ ወዲያው ይውጣበት። ልጆች ብራቸውንም የማጥኛ ሌሊታቸውንም ለእነዚህ ሲገብሩ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል።

ፎቶ ኮፒ ቤት፦

ያለፉ ፈተናዎችን የማባዛው እኔ ነኝና አንድ ልጨምር። ስትገዢ የገጹንና የጥያቄውን ተራ ቁጥር ተከታተይ፤ ከኮፒ ኮፒ ሲደረግ ገጽ ይዘለላል፣ ግራፍና ሥዕል ይጠቁራል። በእስክሪብቶ የተከበበ መልስ ካለበት ንጹሑን አምጡ በዪ፤ ማን እንደከበበው አይታወቅም። ዓመተ ምሕረቱ የሌለበትንም አትውሰጂ።

የሽምብጧ እህት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳላችሁት አደረግን። ፊዚክሱን ሲሠራ ከሳታቸው ብዙዎቹ ስሌት ላይ ናቸው፤ ሐሳቡን ለእኔ ሳይቀር አስረዳኝ። ሒሳብ ላይ ግን ሐሳቡ ራሱ የለም፣ በተለይ 12ኛ ክፍል ላይ። በኳሷ ጥያቄ ሦስት መጽሐፍ ፈተንኩ፤ አንዱ ብቻ እስከ መጨረሻ አሳይቷል። መምህር፣ እንግሊዝኛውስ? ለእሱ ሰዋስው ብቻ የሆነ መጽሐፍ ነው ያገኘሁት።

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር፦

ጎበዝ! እንደዚያ ነው። ለእንግሊዝኛ አትግዢ። በየቀኑ አንድ የንባብ ምንባብ ከተማሪው መጽሐፍ ያንብብ፤ ጥያቄዎቹን ይመልስ፤ የባዮሎጂ መጽሐፉንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልሽ፣ ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ ይሄድለታል። ለሒሳብ የፖሊው ልጅ እንዳለው አንድ የመልመጃ መጽሐፍ ግዢ፤ ግን ከ12ኛ አይጀምር። 11ኛ ክፍል ፈንክሽን ላይ ይመለስ፤ እሱ ሳይገባው ሊሚት አይገባውም። የቀረውን ብር ለመንገዱና ለዶርም ዕቃው አስቀምጪለት፣ ምደባው ሩቅ ሊሆን ይችላል።

የሽምብጧ እህት፦

እሺ መምህር። የ11ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፉ ግን ትምህርት ቤት ተመልሷል፣ በስልክ ደግሞ ዓይኑን ያመዋል። ሽምብጥ ወይም ግሽ ዓባይ አካባቢ የሚያውሰን ሰው አለ? ጥሪ ሲደርሰው እመልሳለሁ።

ከዘጌ እስከ ፖሊ፦

እኔ ጋ አለ፤ በእርሳስ የሠራሁበት ስለሆነ እያጠፋ ይሥራ። ቅዳሜ ከሰዓት ፖሊ በር ላይ ይምጣና ይውሰድ፤ ፈንክሽኑንም ትንሽ አብረን እናየዋለን።