የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴልን ዳግም ለመቀባት፦ የምመክራቸው ቀለሞች፣ መሣሪያዎችና አገልግሎቶች

«የትኛውን ቀለም ልግዛ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው መልሴን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። ምክንያቱም ለእኔ ቀለሙ በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣ ነው። ቅድሚያ የምሰጠው አሮጌው ቀለም ለሚለቀቅበት ፈሳሽ ነው፤ ከዚያ አዲሱ ለሚረጭበት መሣሪያ። በእነዚህ ሁለቱ የተሳሳተ ሰው የፈለገውን ያህል ውድ ቀለም ቢገዛ ሎኮሞቲቩ ሊጥ የተለቀለቀበት ይመስላል።

ለዚህ ቀላል ስሌት አለ። በኤችኦ ልኬት፣ ማለትም በ1:87፣ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለም በእውነተኛው ሎኮሞቲቭ ላይ 8.7 ሚሊሜትር ሆኖ ይታያል። በኤን ልኬት፣ በ1:160፣ ደግሞ 16 ሚሊሜትር ይሆናል። የበሩ ማጠፊያ፣ የራዲያተሩ ወንፊትና የብሎኑ ራስ የሚሰጥሙት በዚህ ውፍረት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወዳድረውን ሁሉ የምመዝነው በአንድ ሚዛን ነው፤ የትኛው ነው ሥራውን በስሱ የሚጨርሰው?

አሮጌውን ቀለም ማስለቀቅ ሁልጊዜ ግድ አይደለም። የፋብሪካው ቀለም ስስና ለስላሳ ከሆነ፣ አዲሱም ቀለም ከእሱ የጠቆረ ከሆነ፣ ጽሑፉንና ቁጥሩን ብቻ አንስቶ በላዩ መርጨት ይቻላል። ቀዩን ሎኮሞቲቭ ቢጫ ለማድረግ ወይም በወፍራሙ የተቀባ አሮጌ ዕቃ ለማደስ ግን ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የምመክረው 91 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። 70 በመቶው ይሠራል፤ ትዕግሥት ግን ይፈትናል። ቅርፊቱን፣ ማለትም የሞዴሉን ውጫዊ የፕላስቲክ አካል፣ ሞተርና መንኮራኩር ካለበት ከሻሲው ለይታችሁ፣ መስታወቶቹንና መብራቶቹን አውጥታችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ንከሩት። በየግማሽ ሰዓቱ እያወጣችሁ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሹት። አስቀድማችሁ በቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በጥቂቱ ሞክሩ፤ ከእሳትም አርቁት።

የፍሬን ዘይት የሚመክሩ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም። ጂፒ9 የተባለ የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ሞዴል ቅርፊት ሌሊቱን አሳድሬበት፣ በማግሥቱ ሳሻሸው የነጂው ክፍል ጠርዝ እንደ ደረቅ ብስኩት በጣቶቼ መካከል ተሰበረ። ያንን ቅርፊት ለማግኘት ረጅም ጊዜ ፈልጌያለሁና ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር ይቆጨኛል። አሴቶንና አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ ከዚህም የከፉ ናቸው፤ ቅርፊቱ የሚሠራበትን ፖሊስታይሪንና ኤቢኤስ ፕላስቲክ ራሱን ያሟሙታል።

ከዚያ በኋላ በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በጓንት መያዝ። የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ቀለም አይዝም። ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚረጨው መነሻ ቀለም፣ ስስ ግራጫ ይሁን፤ ለቢጫ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሻላል፤ ለቀይም እንዲሁ ሮዝ። ቢጫ ቀለም የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው። ከሥሩ ግራጫ ካለ አምስት ጊዜ ብትረጩም አረንጓዴ ጥላ ያጠላበታል፤ አምስት ጊዜ መርጨት ደግሞ ያ ከላይ የተናገርኩት ውፍረት ነው።

አሁን ወደ ቀለሞቹ። የታሚያ ኩባንያ አክሪሊክ (በውሃ ወይም በአልኮል የሚቀጥን ቀለም) በኤርብረሽ፣ ማለትም በአየር ግፊት በሚሠራ ትንሽ የቀለም መርጫ፣ ሲረጭ እጅግ የሚያምር ነው። ኤክስ የሚል ምልክት ያለው አብረቅራቂ፣ ኤክስኤፍ የሚለው ፈዛዛ ነው። ኤክስ-20ኤ በሚባለው የራሱ ማቅጠኛ ሲቀላቀል ስስ ሆኖ ይተኛል፣ ቶሎም ይደርቃል። በእጅ ብሩሽ ግን አትሞክሩት፤ ሁለተኛው ምት የመጀመሪያውን ያነሳዋል። ቫዬሆ የተባለው አክሪሊክ ተቃራኒው ነው። ውሃማ፣ ሽታው አነስተኛ፣ በብሩሽ ለነጂው ክፍል ውስጥና ለጥቃቅን ዕቃዎች ከእሱ የሚስተካከል አላየሁም። ሲረጭ ግን የኤርብረሹ መርፌ ጫፍ ላይ ይደርቃል፤ ከሥሩ ጥሩ ፕራይመር ከሌለው ደግሞ ሌላ ቀለም እንዳይነካው የተለጠፈበት መሸፈኛ ወረቀት ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ሎኮሞቲቭ ላይ መሸፈኛ ሳይለጠፍ የሚያልቅ ሥራ ስለሌለ፣ ለዋናው አካል ቫዬሆን ሁለተኛ ምርጫ አደርገዋለሁ።

ሃምብሮል የተባለው ኢናሜል (ዘይታማ ቀለም) በትናንሽ ቆርቆሮ ይመጣል። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ራሱን ያስተካክላል፣ ከደረቀ በኋላ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አቧራ ይለቅማል። ላከር (በጠንካራ ኬሚካል የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ከሁሉም ስስ ነው፤ ፕላስቲኩን በጥቂቱ ነክሶ ስለሚይዝ መሸፈኛም አያነሳውም። ጭሱ ግን ከባድ ነው። የካርቦን ማጣሪያ ያለው ጭምብልና ወደ ውጭ አየር የሚያወጣ የመርጫ ሳጥን የሌለው ሰው ላከርን እንዲነካ አልመክርም። የአቧራ ጭምብል የላከርን ጭስ አያግድም።

ምርጫዬ ይህ ነው፦ ለመጀመሪያ ሎኮሞቲቭ ታሚያ አክሪሊክ፤ ልምድና ጥሩ አየር ማውጫ ላለው ላከር። እነዚህን መደራረብ ሲመጣ አንድ ሕግ አለ። ሙሉ በሙሉ ባልጠነከረ ኢናሜል ላይ ላከር ከተረጨ ኢናሜሉ ተጨማዶ ይነሳል። በአክሪሊክ ላይ ኢናሜል ግን ሰላም ነው፤ ይህ ሎኮሞቲቩን ለማስረጀት፣ ማለትም ብዙ ያገለገለ ለማስመሰል፣ ስንደርስ ይጠቅመናል።

የእውነተኛ ባቡር ድርጅቶችን ቀለም በትክክል ለሚፈልግ፣ ለእንግሊዝ ባቡሮች ሬይልማችና ፊኒክስ ፕሪሲዥን፣ ለአሜሪካዎቹ ትሩ-ከለር ተብለው የሚሸጡት ቀለሞች ብዙ የመቀላቀል ድካም ያስቀራሉ። አሮጌ መመሪያዎች የሚያወድሷቸውን ፍሎኩይልንና ፖሊ ስኬልን ፍለጋ ግን አትድከሙ፤ ምርታቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ተቋርጧል። ትክክለኛው ቀለም ራሱ በትንሽ ሞዴል ላይ ከሚገባው በላይ ጠቁሮ እንደሚታይም አስታውሱ። እኔ ጥቂት ነጭ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ለጥቁርም ንጹሕ ጥቁር ሳይሆን በጣም የጠቆረ ግራጫ እጠቀማለሁ።

የመርጫ መሣሪያ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋበት ቦታ የተገላቢጦሽ ነው። ርካሽ ኤርብረሽ ከጥሩ ኮምፕሬሰር ጋር፣ ውድ ኤርብረሽ ከመጥፎ ኮምፕሬሰር ጋር ሲወዳደር የመጀመሪያው ያሸንፋል። ኮምፕሬሰሩ የአየር ማጠራቀሚያ ታንክ፣ የግፊት መቆጣጠሪያና የውሃ ማጣሪያ ይኑረው። ታንክ ከሌለው አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ማጣሪያ ከሌለው የውሃ ጠብታ በአዲሱ ቀለም መሃል ያርፋል። 0.3 ሚሊሜትር አፍንጫ ያለው፣ በአንድ ጣት አየሩንም ቀለሙንም የሚያዝዝ ኤርብረሽ ለሁሉም ልኬት ይበቃል። ግፊቱን ከ1 እስከ 1.4 ባር አድርጉ፤ ቀለሙን እንደ ወተት አቅጥኑ።

የቆርቆሮ ስፕሬይ የሚናቅ አይደለም። የታሚያ ቲኤስ ስፕሬዮች ላከር ናቸው፤ አንድ ቀለም ብቻ ላለው ቅርፊት ጥሩ ውጤት ይሰጣሉ። ቆርቆሮውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፤ ፈጽሞ በእሳት ወይም በፈላ ውሃ አታሙቁት። ርጭቱን ከቅርፊቱ ውጭ ጀምራችሁ ከቅርፊቱ ውጭ ጨርሱ። ጉድለቱ መጠኑን መቆጣጠር አለመቻሉ ነው፤ በጥግና በመሰላል ሥር ቶሎ ይጠራቀማል።

ሁለት ቀለም ለሚለያይበት መስመር የታሚያ ቢጫ የወረቀት ፕላስተር ከሞከርኳቸው ሁሉ የተሻለ ነው። ነገር ግን ፕላስተሩ ብቻውን አያድንም። ከለጠፋችሁ በኋላ ጠርዙን መጀመሪያ ከሥር ባለው ቀለም እንደገና በስሱ እርጩት። ሊሰርግ የሚችለው ሁሉ በራሱ ቀለም ይሰርግና ቀዳዳው ይደፈናል፤ ከዚያ ሁለተኛው ቀለም ሲመጣ መስመሩ እንደ ምላጭ የጠራ ይሆናል። ይህን ሳላውቅ የሠራኋቸውን ሦስት ሎኮሞቲቮች እንደገና ቀብቻቸዋለሁ።

አንዳንድ ንድፍ ግን በፕላስተር አይደፈርም። የሳንታ ፌ ባቡር ድርጅት «ዋርቦኔት» የተባለው ቀይና ብርማ ንድፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ከሱፐር ቺፍ ባቡር ጋር የተዋወቀው፣ በአፍንጫው ላይ የሚታጠፍ ቀይና በዙሪያው ቀጭን ቢጫና ጥቁር መስመር አለው። ብርማው ቀለም የእያንዳንዱን ጭረት ምስክር ነው፤ ፕላስተርም ያነሳዋል። ቀዩን ረጭታችሁ ቀጫጭኖቹን መስመሮች ከተለጣፊ ብታደርጓቸው ይቀላል።

ተለጣፊዎቹ ላይ ሳልቸኩል ልናገር፤ ሰው ሎኮሞቲቭን ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቁጥሩና ጽሑፉ ላይ ነውና። በውሃ ተነክረው የሚላቀቁት ተለጣፊዎች ከደረቅ ተለጣፊዎች ይልቅ ይመቹኛል፤ ቦታቸውን ማስተካከል ይቻላል። ማይክሮስኬል በዚህ ሥራ ሰፊ ምርጫ አለው፤ ሁለቱን ፈሳሾቹንም፣ ተለጣፊውን የሚያስይዘውን ማይክሮ ሴትንና የሚያለሰልሰውን ማይክሮ ሶልን፣ አብራችሁ ግዙ። ቅርፊቱ ላይ በቅድሚያ አብረቅራቂ ቫርኒሽ እርጩ። ፈዛዛ ቀለም ሻካራ ስለሆነ ከተለጣፊው ሥር አየር ይቀራል፤ ያ አየር ኋላ እንደ ብር ነጠብጣብ ያበራል። ማይክሮ ሴት ቀቡ፣ ተለጣፊውን በወረንጦ ይዛችሁ አንሸራትቱት፣ ቦታውን ሲይዝ ማይክሮ ሶል በላዩ አኑሩ። በዚህን ጊዜ ተለጣፊው እንደ እርጥብ ወረቀት ይጨማደዳል። ልብ ያስደነግጣል። አትንኩት። ሲደርቅ ራሱ ይዘረጋል፤ ብሎኑን፣ የበሩን ስንጥቅ፣ ወንፊቱን ሁሉ አቅፎ የተቀባ ይመስላል። በመጨረሻ የፈሳሹን እድፍ በውሃ አጥባችሁ ፈዛዛ ቫርኒሽ እርጩ።

የቤት ኢንክጄት ማተሚያ ነጭ ማተም አይችልም። ጥቁር ቅርፊት ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ቁጥር ከፈለጋችሁ ነጭ ቀለም ማተም ወደሚችል የኅትመት አገልግሎት ሂዱ። ይህ ገንዘቡ የሚገባው አገልግሎት ነው፤ በተለይ የራሳችሁን የባቡር ድርጅት ስም ለምትፈጥሩ።

ቫርኒሽ በእርጥብ ቀን አይረጭ። ዝናብ በሚዘንብበት ከሰዓት የረጨሁት ኤስዲ40-2 የተባለ የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ሞዴል ሲደርቅ ጭጋግ የለበሰ መስሎ ነጣ። ቀዝቀዝ ያለውና እርጥብ አየሩ ከቫርኒሹ ውስጥ ገብቶ ነው።

የዚሁ ሎኮሞቲቭ ዓይነት የእጅ መደገፊያዎች በብዙ ሞዴሎች ላይ የሚሠሩት ከሚተጣጠፍና ቀለም ከማይቀበል ፕላስቲክ ነው። በአልኮል ካጠባችሁ በኋላ ለመኪና ባምፐር የሚሠራውን ፕላስቲክ ፕራይመር ሞክሩ፤ ያለ እሱ ቀለሙ በመጀመሪያው ንክኪ ይላጣል። ከተቻለ በናስ ሽቦ ተኳቸው፤ ሽቦው ቀጭንም ነው። መስታወቶቹን ስትመልሱ ሱፐር ግሉን አርቁ፤ ትነቱ መስታወቱን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ነጭ ኮላ ይበቃል።

ማስረጀት የምወደው ክፍል ነው። ሎኮሞቲቭ በየቦታው እኩል አያረጅም። ጥላሸቱ ከጭስ ማውጫው ጀርባ ጣሪያው ላይ፣ የፍሬኑ ቡናማ አቧራ መንኮራኩሮቹ አካባቢ፣ የነዳጅ ፍሳሹ ጥቁር ጅረት ከነዳጅ መሙያው ሥር ነው። የተቀጠነ ኢናሜል በአክሪሊኩ ላይ አፍስሳችሁ፣ በማቅጠኛ የራሰ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጎትቱት፤ ካልወደዳችሁት ይጠረጋል፣ ከሥሩ ያለው አክሪሊክም አይነካም። የቀለም ዱቄት ከዚህ የቀለለ ነው፤ ቫርኒሽ ሲረጭበት ግን ግማሹ ይጠፋል፤ በመጀመሪያ በርከት ያለ መጠን አድርጉ። መንኮራኩሮቹን ስትቀቡ ሞተሩን በባትሪ እያዞራችሁ ብሩሹን አስጠጉ፤ ቀለሙ እኩል ይሆናል። ሐዲዱን የሚነካውን ገጽና ኤሌክትሪክ የሚቀበሉትን ስስ ብረቶች ግን ወዲያው በአልኮል ጥረጉ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ሥራውን ለባለሙያ መስጠት የምመክረው በሦስት ሁኔታ ነው፤ እንደ ዋርቦኔት ያለ ከባድ ንድፍ ሲሆን፣ ሞዴሉ ናስ ሆኖ የማይተካ ሲሆን፣ ወይም የምትፈልጉት ሎኮሞቲቭ አንድ ብቻ ሆኖ ለኤርብረሽና ለኮምፕሬሰር ገንዘብ ማውጣት ሲከብዳችሁ። ብዙ ለምትቀቡ ግን የራሳችሁ መሣሪያ ይሻላል። ባለሙያውን ከመምረጣችሁ በፊት የሥራውን ፎቶግራፍ ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ ጠይቁ፤ የሁለት ቀለም መገናኛ መስመሩንና የወንፊቱን ስንጥቆች ተመልከቱ። የትኛውን ዓይነት ቀለም እንደሚጠቀም ጠይቁ፤ ኋላ ራሳችሁ ልታስረጁት ካሰባችሁ ይህ ወሳኝ ነው። ለእሱ የምትልኩት ቅርፊቱን ብቻ ይሁን። እኔ ሙሉ ሎኮሞቲቭ ልኬ መንኮራኩሮቹና መጋጠሚያዎቹ ጭምር በቀለም ተሸፍነው ተመልሰውልኛል፤ መጋጠሚያው ተጣብቆ ፉርጎ አልይዝ ብሎ፣ ሞተሩም ኤሌክትሪክ አልደርሰው ብሎ ሁለት ቀን በማጽዳት አሳለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሻሲውን ከቤት አላወጣም።